ባለ ሁለት ቀለም ጫማ በደሴና በኮምቦልቻ፦ እንዴት ይመረጣል፣ ከምንስ ጋር ይደረጋል?

ባለ ሁለት ቀለም የወንዶች ጫማ በክር የሚታሰር የክት ጫማ ሲሆን፣ አፍንጫውና ተረከዙ፣ አንዳንዴም የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክፍል በጥቁር ወይም በቡናማ ቆዳ፣ የቀረው አካሉ ደግሞ በነጭ ወይም በክሬም ቆዳ ይሠራል። ጆን ሎብ የተባለው የለንደን ጫማ ሠሪ ቤት የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1868 ለክሪኬት ተጫዋቾች እንደሠራ ይናገራል፤ በሰፊው የተለመደው ግን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ፣ ጃዝ በገነነበት ዘመን ነው። ጠቆር ያለው ቆዳ የሚያርፈው ጫማው ቶሎ በሚቆሽሽባቸውና በሚጋጭባቸው ቦታዎች ላይ ስለሆነ፣ ውበቱና ጥቅሙ አይነጣጠሉም።

ጫማውን ሲመርጡ ከሁሉ አስቀድመው ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን መስመር ይመልከቱ። በደንብ የተሠራ ጫማ ሁለት የተለያዩ ቆዳዎች ተደራርበው የተሰፉበት ስለሆነ፣ ጠርዙን በጥፍርዎ ሲነኩት የቆዳው ከፍታና የስፌቱ ክር ይሰማዎታል። በአንድ ቆዳ ላይ ቀለም ብቻ የተቀባበት ከሆነ ግን መስመሩ ለጥ ያለ ነው፤ ጫማው በሚታጠፍበት ቦታም ቀለሙ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ጫማ ምንም ያህል ቢረክስ እንዲገዙ አልመክርም፤ ቀለሙ አንዴ ከተላጠ በኋላ የትኛውም ጫማ ሰፊ ወደ ነበረበት አይመልሰውም።

በደሴ ፍለጋው የሚጀመረው ከሳልባጅ ነው። በሰኞ ገበያም ሆነ በፒያሳ ዙሪያ የተለበሰ ጫማ የሚሸጡ ሰዎች ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን ያውቃሉና፣ የሚፈልጉትን ዓይነትና ቁጥር ነግረው ደንበኛ መሆን በየጊዜው ከመዞር ይሻላል። ጫማው ሲገኝ በእጅዎ አጥፈው ጣት የሚታጠፍበትን ቦታ ይመርምሩ፤ ስስ ሽብሽባት ጉዳት የለውም፣ ቆዳውን የቆረጠ ስንጥቅ ግን መድኃኒት የለውም። ከዚያ ገልብጠው ሶሉን ይዩ። የቆዳ ሶል ቢያልቅ ይቀየራል፤ ፖሊዩሬቴን ከተባለው የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ የቆየ ሶል ግን ሳይደረግ ተቀምጦም ቢሆን እርጥበት ስለሚበላው፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ከሆነ መተው ይሻላል። በሶሉ ጠርዝ ዙሪያ ስፌት መኖሩም ሊታይ ይገባዋል፣ ምክንያቱም በማስቲሽ ብቻ ከተጣበቀው ይልቅ የተሰፋው ለጥገና ይመቻል። የጫማው አንዱ እግር ከሌላው ይልቅ ወይቦ ከሆነ፣ ነጩ በነጭ ፈሳሽ ቀለም ሊስተካከል ስለሚችል ይህን ለዋጋ መከራከሪያ ያድርጉት እንጂ አይተዉት።

ቁጥርን በተመለከተ፣ የእንግሊዝ 8 እና የአሜሪካ 9 በእኛ ዘንድ ከተለመደው 42 ጋር ይቀራረባሉ፤ ይሁን እንጂ ያረጀ ጫማ የባለቤቱን እግር ቅርጽ ይዞ ስለሚቆይ ቁጥሩን አምኖ መግዛት አይገባም። እግር ከዋለ በኋላ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ፣ ሊያደርጉት ባሰቡት ካልሲ ይለኩት።

በሳልባጅ ካልተገኘ ማሠራት ይቻላል። ለሠሪው በስልክ ላይ ያለ ሥዕል ማሳየት ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ክፍል በየትኛው ቀለም እንደሚሆን በወረቀት ላይ ተሥሎ ይሰጠው። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ሆኖም የበግ ቆዳ ስስና ለስላሳ በመሆኑ ለጓንትና ለጃኬት እንጂ ለዚህ ጫማ ፊት አይመችም፤ የከብት ቆዳ እንዲሆን ይጠይቁ። የሁለቱም ቀለም ቆዳ ውፍረት እኩል ካልሆነ ስፌቱ ይጨማደዳል።

ስለ አለባበሱ አንድ ጽኑ እምነት አለኝ፦ ጫማው ብዙ ስለሚናገር ልብሱ ዝም ማለት አለበት። ነጭና ቡናማው ከጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ከክሬም ወይም ከካኪ ሱሪ ጋር ያምራል፤ ነጭና ጥቁሩ ለግራጫ ሱፍ ይስማማል። ቀበቶው ጠቆር ካለው ቀለም ጋር ይመሳሰል፤ ባለ ሁለት ቀለም ቀበቶ መጨመር ግን ይበዛል። የሱሪው ጫፍ በጫማው ላይ ከተከመረ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት መስመር ስለሚሸፈን፣ ሱሪውን ጫማውን በትንሹ ብቻ እንዲነካ አድርጎ ማሳጠር ያስፈልጋል። ሚዜ ለሚሆን ሰው፣ ለቀን ሠርግና ለበዓል የሚሆን ጫማ ነው። ለለቅሶ ግን አይደረግም፤ ኀዘንተኛ ቤት ዓይን የሚስብ ነገር ይዞ መግባት ነውር ነው። መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ስለሚወልቅና ከሌሎች ጫማዎች ጋር ሲደራረብ ነጩ ስለሚፋቅ፣ ለስላሳ የጨርቅ ከረጢት ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

ወቅቱም ይታሰብበት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ስትሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉና ጭቃው ለነጭ ቆዳ አይራራም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ አየሩ ቢሞቅም ዝናቡ አይቀርም። ጫማውን ከመስከረም በኋላ ማውጣት፣ በበልጉም ሰማዩን አይቶ ማድረግ ይበጃል። ከረጠበ ጋዜጣ ጠቅጥቀው በጥላ ያድርቁት፤ በደሴ ብርድ የሚያጓጓው የከሰል ምድጃ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ማስቲሹንም ያላቅቃል።

ጽዳቱ ሁልጊዜ ከነጩ ይጀምራል። አቧራው በደረቅ ብሩሽ ከተራገፈ በኋላ ነጩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት ይቀቡት፤ ሲደርቅ ጠቆር ያለውን ክፍል በጣት ላይ በተጠቀለለ ትንሽ ጨርቅ ይቀቡ፣ ስፌቱ አጠገብ ሲደርሱም ቅባቱን ይቀንሱ። ለሊስትሮ ሲሰጡ ጥቁር የነካው ብሩሽ ነጩ ላይ እንዳያርፍ አስቀድመው ይንገሩት፤ ከተቻለም የራስዎን ብሩሽ ይስጡት፣ ለጥንቃቄውም ከተለመደው ዋጋ ጨምረው ይክፈሉት።