«ፊልሙ አይረባም» ከማለታችሁ በፊት፦ ብሌድ ረነርን ቤት ስታዩ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ፊልም ማከራየት የጀመርኩት ካሴት ሳይጠፋ ነው። ከካሴት ወደ ዲቪዲ፣ ከዲቪዲ ወደ ፍላሽ ስንሻገርም እዚያው ነበርኩ። በእነዚህ ዓመታት የብሌድ ረነርን ያህል ተመልካች መጥቶ የተቆጣበት ፊልም አላውቅም። ታዲያ ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ቁጣው ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ጋር አይገናኝም። ወይ የቲቪው ነው፣ ወይ የዲስኩ፣ ወይ ደግሞ ሰውዬው ያየው ቅጂ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ መጣ። «እየው» ብዬው ነበር፣ ሌላ ቦታ አስጭኖት አይቶታል። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና «አቦ፣ ምንድነው ያሳየኸኝ? ጨለማና ዝናብ ብቻ!» አለኝ። ይሄን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርስም። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

የትኛውን እንዳዩ ሳያውቁ መፍረድ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ብሌድ ረነር የሚባለው አንድ ፊልም አይደለም፤ ቢያንስ ሦስት ነው። በ1982 ሲኒማ ቤት የታየው አለ። በ1992 «ዳይሬክተርስ ከት» ተብሎ የወጣው አለ። በ2007 ደግሞ «ፋይናል ከት» መጣ።

የመጀመሪያውን ስቱዲዮው ዴንቨርና ዳላስ ላይ ለሙከራ ሲያሳየው ተመልካቹ ግራ ተጋባ። ስቱዲዮው ደነገጠ። ሃሪሰን ፎርድ ከጀርባ ሆኖ ታሪኩን እንዲያብራራ ተደረገ። መጨረሻው ላይም ደስታ ተለጠፈበት። ያ ከላይ የሚታየው ተራራና ደን ለዚህ ፊልም የተቀረጸ እንኳ አይደለም። ስታንሊ ኩብሪክ ለ«ዘ ሻይኒንግ» አስቀርጾት ከተረፈው ተወስዶ የገባ ነው። በ1992ቱ ትረካው ወጣ፣ የደስታው መጨረሻ ተቆረጠ፣ የባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ ሕልም ገባ። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ሙሉ በሙሉ እንደፈለገው የሠራው ግን የ2007ቱን ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ሁለት ጓደኛሞች ሱቁ በር ላይ ሊጣሉ ደረሱ። አንዱ «ልጅቷን ይዟት በመኪና አረንጓዴ ተራራ ውስጥ ሄዱ» ይላል። ሌላው «የምን ተራራ! የሊፍቱ በር ተዘጋ፣ አለቀ» ይላል። «ወላሂ!» ይላል ያኛው። «ወላሂ!» ይመልሳል ይሄኛው። ያዘዙት ሻይ ቀዘቀዘ። ሁለቱም ያዩትን ነበር የሚያወሩት። አንዱ የ1982ቱን፣ ሌላው የ1992ቱን። ዲስኮቹን ጎን ለጎን አውጥቼ መጨረሻቸውን ባላሳያቸው ኖሮ ያን ቀን ተኮራርፈው ነበር የሚሄዱት።

በርዝመት አትለዩዋቸውም፤ ሁሉም ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያልቃሉ። እንዲህ ለዩዋቸው። መጀመሪያ አካባቢ ዴካርድ፣ ፎርድ የሚጫወተው ሰው፣ መንገድ ላይ ጋዜጣ እያነበበ የምግብ ተራ ይጠብቃል። እዚያ ላይ የራሱ ድምፅ ከጀርባ መተረክ ከጀመረ የ1982ቱን ይዛችኋል። ዝም ካለ፣ ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ ነው። ከዚያ የፖሊስ አለቃው ስላመለጡት ሬፕሊካንቶች ሲያወራ ጆሯችሁን ጣሉ። ሬፕሊካንት ማለት በፊልሙ ውስጥ ሰው መስሎ የተሠራ ፍጡር ነው። በድሮዎቹ ቅጂዎች ስድስት አመለጡ፣ አንዱ ሞተ ይላል። አምስት ሊቀሩ ነው ማለት ነው፤ ፊልሙ ውስጥ የሚታደኑት ግን አራት ናቸው። ሰው አምስተኛው የት ሄደ እያለ ለዓመታት ተከራክሯል። በፋይናል ከት የሞቱት ሁለት ናቸው ተብሎ ሒሳቡ ተስተካከለ። መጨረሻ አካባቢ የምትበረዋን ርግብም ተመልከቱ። በድሮው እንደዚያ ሌሊቱን ሲዘንብ ቆይቶ ርግቧ ቀን ሰማይ ውስጥ ትገባለች። በፋይናል ከት ሰማዩ ጨለማ ነው።

አንድ ሰው ስለዚህ ፊልም አስተያየት ሲሰጠኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ተራኪ አለው?» የሚል ነው። መልሱን ካላወቀ ሌላው ወሬ ይቆየን።

በ700 ሜጋ ቅጂ ጨለማውን መክሰስ

የዚያ ልጅ ችግር ይሄ ነበር። ፍላሹን ከፍቼ አየሁት፤ ፋይሉ 700 ሜጋ ባይት ነው። አንድ ብሉ ሬይ ዲስክ እስከ 50 ጊጋ ይይዛል፣ የ4ኬው እስከ 100። ያን ሁሉ ምስል 700 ሜጋ ውስጥ ስትጠቀጥቁት መጀመሪያ የሚሞተው ጥቁሩ ነው። ይሄ ፊልም ደግሞ ከሞላ ጎደል ሌሊትና ጭስ ነው።

ልጁን አስቀምጬ ሁለቱን አሳየሁት። በሱ ፍላሽ ላይ ሬፕሊካንቶቹን የሚሠራው የቲረል ኩባንያ ሕንፃ ከጀርባው ካለው ሰማይ ጋር ተለስኗል፤ ጭሱ አራት ማዕዘን እየሠራ ይንቀጠቀጣል። በዲስኩ ላይ ግን ሕንፃው ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች አንድ በአንድ ይለያሉ። «ይሄ ሌላ ፊልም ነው እኮ» አለ። ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አየው።

በቀን ማየት

የድሬን ፀሐይ የማያውቅ የለም። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቅ ዘግተን ቤት ስንገባ ፊልም መክፈት ለምዶብናል። ሌላ ፊልም ይሁን ግዴለም። ይሄን ግን መስኮቱ እያበራ አትክፈቱት፤ የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው። ሲመሽ፣ ግቢው በረድ ሲል፣ መብራት አጥፍታችሁ እዩት።

ቲቪው እንደመጣ መተው

አዲስ ቲቪ ከታይዋን ሰፈር ገዝታችሁ ስትሰኩት ቀለሙ የሱቅ ቀለም ነው። ደማቅ፣ ሰማያዊ፣ ዓይን የሚወጋ። ሱቅ ውስጥ እንዲሸጥ ነው እንዲህ የተደረገው። «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» የሚለውን ምረጡ፤ በአዳዲሶቹ ላይ «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል አለ። በጣም የማዝነው ግን በሌላ ነገር ነው። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው። ቲቪው በመሀል የራሱን ምስል እየፈጠረ ይጨምርበታል። ያኔ ፊልሙ የሰፈር ሰርግ ቪዲዮ ይመስላል። «ተዋናዮቹ አይችሉም፣ ውሸት ውሸት ይላሉ» ያለኝ ደንበኛ ነበረኝ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ሴቲንግ ውስጥ «ሞሽን» የሚል ቃል ያለበትን አጠፋሁለት። ሁለተኛ ስለ ትወናው አላነሳም።

ጥቁሩን መስመር ለማጥፋት ማጉላት

ከላይና ከታች ያለው ጥቁር መስመር የዲስኩ ብልሽት አይደለም። የፊልሙ ወርድ ከቁመቱ 2.4 እጥፍ ነው። የቲቪያችሁ 1.78። «ዙም» ስትጫኑ ስክሪኑ ይሞላል፤ ከምስሉ ግን ሩብ ያህሉ ከግራና ከቀኝ ይቆረጣል። ብር ከፍላችሁ ሩቡን መጣል ነው።

በዚህ ላይ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። መጀመሪያ ያየሁት በቪኤችኤስ ነው፣ ለድሮው አራት ማዕዘን ቲቪ የተቆረጠውን። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ምስል የለም። ሁለት ሰው ሲያወራ የአንዱ አፍንጫ ብቻ ጫፍ ላይ ይታያል። ካሴቱ በብዙ እጅ ያለፈ ስለነበር ቀለሙም ሄዷል። እኔ ግን ይሄን አላሰብኩም። ለዓመታት የጠየቀኝን ሁሉ «ተወው አቦ፣ ይደብራል» እያልኩ ሌላ ካሴት ሰጠሁት። ፊልሙን ወደ አሥር ዓመት ገደማ ከሰው ደብቄዋለሁ። ዛሬ ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው የዚያ ጸጸት ስላለብኝ ነው።

«ምስሉ ላይ አሸዋ አለ»

4ኬውን ያየ ሁሉ ይሄን ይላል። የደቻቱ አሸዋ ቲቪው ውስጥ የገባ ያህል ይነግረኛል። ያ ቆሻሻ አይደለም፤ የተቀረጸበት የፊልም ጥቅል የራሱ ቅንጣት ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ነው፣ የከተማውና የበራሪ መኪኖቹ ልዩ ምስል ደግሞ በ65 ሚሊ ሜትር። «ኖይዝ» ማጥፊያውን ስትከፍቱት አሸዋው ይሄዳል፣ የሰዉ ፊትም አብሮት ሄዶ ሰም ይሆናል።

የሌላ አገር ዲስክ ማምጣት

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ዲቪዲ ከማዘዛችሁ በፊት ማጫወቻችሁን እዩ። ዲቪዲና ማጫወቻ በሚሸጡበት አካባቢ «ሪጅን» ተብለው ይለያሉ፤ ሪጅናቸው ካልገጠመ ዲስኩ አይከፍትም። የአሜሪካ ዲቪዲ ሪጅን 1 ነው። ከዱባይ የመጣ ማጫወቻ ሪጅን 2፣ የእኛ አገር ሪጅን 5። የማውቀው ሰው አክስቱ ከዚያ ድረስ ያመጣችለትን ዲስክ አስገብቶ ማጫወቻው አልቀበልም ቢለው፣ እሷ ፊት አፍሮ «ቆንጆ ነው» ብሎ አለፈ። 4ኬ ዲስክ የሪጅን ቁልፍ የለውም። በቀላሉ የሚያስኬዳችሁ እሱ ነው።

በትርጉም አይቶ ስለ ንግግሩ መፍረድ

በአማርኛ የሚተርኩልንን ልጆች እወዳቸዋለሁ፤ እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው ፊልምን ቤት ያስገቡት እነሱ ናቸው። ለዚህ ፊልም ግን አይሆኑም። መጨረሻ ላይ የሬፕሊካንቶቹን መሪ የሚጫወተው ሩትገር ሃወር ጣሪያው ላይ፣ ዝናብ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚናገራት አጭር ንግግር አለች። ጽሑፉ ረጅም ነበር። ከቀረጻው በፊት በነበረው ሌሊት እሱ ራሱ ቆርጦ አሳጠራት፣ ከራሱም ጨመረባት። እዚያ ቦታ ላይ ዝምታው ነው የሚናገረው። የቫንጌሊስ ሙዚቃ ከሥር ይሄዳል። ተራኪ ሲገባበት ሁለቱም ይጠፋሉ።

«2019 አለፈ፣ መኪናው የት አለ?»

ታሪኩ የሚጀምረው ኅዳር 2019 ሎስ አንጀለስ ነው፣ በእኛ 2012 መሆኑ ነው። መኪና አልበረረም። ፊልሙ ግን ትንቢት ልናገር አላለም። የሚጠይቀው የተሠራ ፍጡር ሞትን ከፈራ ከሰው በምን ይለያል ብሎ ነው።

ሲያልቅ ወዲያው ማጥፋት

ፊልሙ በ1982 ሲኒማ ቤት ሲወጣ ገበያ አላገኘም። ሰው ሃሪሰን ፎርድን ሲሮጥና ሲደባደብ ሊያይ ነበር የገባው። ፊልሙ ሁለተኛ ነፍስ የዘራው ቤት ውስጥ ነው፣ በካሴትና በዲስክ። ደጋግመው ያዩት ሰዎች ለሌላ ሰው ስላወሩለት። በ1990 ትረካው ከሞላ ጎደል የሌለበት የሙከራ ቅጂ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲታይ ሰው ጎረፈ። ያ ነው የ1992ቱን ያስወጣው። እናንተ ለጎረቤታችሁ የምትሉት ነገር ቀላል አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

እና የሊፍቱ በር ሲዘጋ ሪሞቱን አታንሱ። ስክሪኑ ይጨልምና የቫንጌሊስ ሙዚቃ ይመጣል። የዚህን ሙዚቃ አልበም ቫንጌሊስ ራሱ እስከ 1994 አላወጣውም ነበር። ቅዳሜ ማታ ቤቴ ስናየው አንዷ ልጅ መብራት ልታበራ ተነስታ ነበር። ሙዚቃው ሲጀምር እጇ ማብሪያው ላይ እንዳለ ቆመች። ስሞቹ ወጥተው እስኪያልቁ እዚያው ቆማ ሰማችው።