የተማሪዎች ክሊፕ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ጅማ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብን አግዛለሁ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቹ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ስለሚጣለው ቆሻሻ የሦስት ደቂቃ ተኩል ዘፈን ሠርተው ክሊፕ ቀረጹለት። በመንገዳችን ላይ ያልገጠመን ችግር የለም ማለት ይቻላል። ከሁሉም በላይ የገባኝ ግን ይህ ነው፦ ችግሩ የሚታየው ኤዲቲንግ ላይ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ የተፈጠረው ካሜራው ከመውጣቱ በፊት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ ከመታገል ወደ ኋላ ሄዳችሁ ምንጩን ፈልጉ።

«ሁሉም ‹ጎበዞች› ይላል፣ ስለ ምን እንደሆነ ግን ማንም አይነግረንም»

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያመጡት ግጥም አዝማቹ «አካባቢያችንን እንጠብቅ» የሚል ነበር፤ አራት ጊዜ ይደጋገማል። ቤት ይመታል፣ ዜማውም ጆሮ ላይ ይቀራል። ምን እንቅረጽበት ስንል ግን የመጣልን ሐሳብ ተማሪዎች ተሰልፈው እጃቸውን እያወዛወዙ ሲዘፍኑ ብቻ ሆነ።

መንስኤው መልዕክቱ ትእዛዝ መሆኑ ነው። «ጠብቁ»፣ «ተጠንቀቁ»፣ «እንተባበር» የሚሉትን ቃላት ካሜራ ሊያያቸው አይችልም። ካሜራ የሚያየው ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ ነው።

መፍትሄው ግጥሙ ከመጻፉ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን ሆነ? የእኛ ይህ ሆነ፦ «አንድ ልጅ ከባጃጅ ውስጥ ባዶ ሃይላንድ ይጥላል፤ ዝናብ ወስዶ አዌቱ ውስጥ ይከተዋል፤ ታች ልብስ የምታጥበው እህቱ ታገኘዋለች።» ሐሳቡን ያመጣችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከክፍላቸው ጀርባ ባለው ቦይ ውስጥ ክዳኑ የወለቀ፣ ወረቀቱ ግማሹ የተላጠ ሃይላንድ ነበር፤ ቡናማ ውኃ ግማሽ ድረስ ገብቶበት ድንጋይ ላይ ተደግፎ ቀስ እያለ ይዞራል። «መምህር፣ ይኼ እኮ ዋና ተዋናያችን ነው» አለችኝ። ስልኩን ፌስታል ውስጥ ከታ፣ መሬት ላይ ተኝታ፣ ከውኃው እኩል አድርጋ ቀረጸችው። ያ ሾት የክሊፑ መክፈቻ ሆነ። አዌቱ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ስለሚወርድ ታሪኩ መንገዱን ራሱ አገኘ፤ እኛ ሃይላንዱን መከተል ብቻ ነበረብን። «እንጠብቅ» የሚለው አዝማችም ወጥቶ «የጣልከው የት ደረሰ» የሚል ጥያቄ ገባ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ድምፁን ዝጉና ክሊፑን ዘፈኑን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ታሪኩን መልሶ ከነገራችሁ ተሳክቷል፤ «ልጆች ይጨፍራሉ» ካለ ገና ነው። ቆሻሻንም፣ ጫትንም፣ ያለዕድሜ ጋብቻንም በአንድ ዘፈን ለመጨረስ የሚሞክሩ ክበቦች አይቻለሁ። ሁሉም የሚያንገበግቡ ጉዳዮች ናቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዘፈን ይገባቸዋል።

«አፉና ድምፁ አይገጥምም»

መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ስህተቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው ወይስ እየቆየ ይሰፋል?

እኩል ከሆነ በቀረጻ ጊዜ ዘፈኑን ያጫወታችሁበትን ድምፅ ማጉያ የት እንዳስቀመጣችሁት አስታውሱ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ዘፋኟ ድልድዩ ማዶ፣ ማጉያው ካሜራው አጠገብ ሆኖ በመካከላቸው 34 ሜትር ቢኖር፣ ዘፈኑ እሷ ጋ የሚደርሰው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ዓይን ግን ይይዘዋል። ማጉያውን ዘፋኟ እግር ሥር፣ ከካሜራው ዕይታ ውጪ አድርጉት። የተቀረጸውን ደግሞ ሾቱን በጥቂት ፍሬም (ቪዲዮው በተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) እንዲቀድም በማድረግ ማዳን ይቻላል። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ማጨብጨብም አትርሱ፤ ምስልና ድምፅ የማመሳሰሉን ሥራ በግማሽ ያቀላል።

እየቆየ የሚሰፋ ከሆነ መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የስልክ ካሜራ በሰከንድ የሚያነሳው የፍሬም ብዛት ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው፤ ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ለውጡት። ሁለተኛው እኛ የገባንበት ነው፦ ቀረጻው ካለቀ በኋላ አቀናባሪያችን «ትንሽ ይፍጠን» ብሎ በደቂቃ 96 ምት የነበረውን ዘፈን 98 አደረገው። ልዩነቱ ለጆሮ አይታወቅም። ሦስት ደቂቃ ተኩል የነበረው ግን ከአራት ሰከንድ በላይ አጠረ፤ መጨረሻው ላይ ልጅቷ ሌላ ስንኝ፣ ዘፈኑ ሌላ ስንኝ ይላል። ሙሉ ቅዳሜያችንን ከፍለንበታል። ቅንብሩ ሳያልቅ ካሜራ አታውጡ፤ ያለቀውን ፋይል «የመጨረሻ» ብላችሁ ሰይሙና ሌሎቹን ከስልኩ አጥፉ።

አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ገጥሞ ፊቱ የውሸት ይመስላል። ልጁ አፉን እያንቀሳቀሰ ነው እንጂ እየዘፈነ አይደለም ማለት ነው። አንገቱን እዩት፤ የሚዘፍን ሰው ጅማቱ ይነሳል፣ ደረቱ ይሞላል። ጮክ ብሎ ይዝፈን፤ የቀረጻው ድምፅ ለማመሳሰል እንጂ ለክሊፑ አይገባም።

«ፊቱ ጠቁሯል»

ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለችና የዓይን ጉድጓድ በጥላ ይሞላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3፣ ከሰዓት ከ10 እስከ 12 ቅረጹ። በመካከሉ መሥራት ግድ ከሆነ ጥላ ውስጥ ግቡና ከፊት ለፊት ነጭ አንሶላ ዘርግታችሁ ብርሃን አንጸባርቁ። ስልኩ ሰማዩን አይቶ ሰውን እንዳያጠቁር ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ፊት በጣታችሁ ተጭናችሁ ብርሃንና ፎከሱን ቆልፉ።

«ክፍል ውስጥ የተቀረጸው ብልጭ ድርግም ይላል»

የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ ስልክ ደግሞ በሰከንድ 30 ፍሬም ተስተካክሎ ይመጣል፤ መብራቱና ካሜራው አይገጥሙም። በፕሮ ሁነታ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ አድርጉ። ስልኩ ይህ ከሌለው መብራቱን አጥፍታችሁ በመስኮት ብርሃን ሥሩ። እንዲያውም ያምራል።

«ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የወጣ ይመስላል»

ባዶ ክፍል፣ ሲሚንቶ ወለል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናብ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ቆርቆሮ ሥር ድምፅ መቅዳት አይታሰብም፤ ከመጋቢት ጀምሮም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ያለው አያስተማምንም። ትንሽ መኝታ ክፍል ፈልጉ፤ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አቁሙ፣ ከዘፋኙ ጀርባ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ። የድምፁ ጫፍ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ላይ ይቅር፤ ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ አይጠገንም። በዋቭ (ሳይጨመቅ በሚቀመጥ የድምፅ ፋይል)፣ በ48 ኪሎኸርዝ አስቀምጡት። ባጃጆች ሳይበዙ በማለዳ ቅዱ።

«ገበያ ውስጥ ሰው ይቆጣል፣ ሌላው ደግሞ ካሜራው ላይ ያፈጣል»

ሂርማታ ገበያ የሄድን ቀን ሳንጠይቅ መቅረጽ ጀመርን። አንዲት አትክልት የሚሸጡ እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ዞር አሉ። ምንም አልተናገሩም። ሾቱ ውብ ነበር፤ ግን ሰርዘነዋል። ስለ ሕዝብ ክብር የሚዘፍን ልጅ የአንዲትን እናት ፊት ያለፈቃዳቸው ሊወስድ አይገባውም፤ ይህን ለተማሪዎቻችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እኔ ዘግይቻለሁ።

የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለቀበሌው ስጡ፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ተማሪ ሁሉ የወላጅ ፊርማ ይኑር። ገበያ ስትደርሱ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። «አካም ጅርቱ» በሉ፣ ስለ ምን እንደምትሠሩ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አስረዱ። ልምምዱን እዚያው ሁለት ሦስት ጊዜ ያለካሜራ አድርጉት፤ ሰው አይቶ ሲጠግብ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ማፍጠጡም ይቀራል።

«ዘፈኑ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሳበት»

ከኢንተርኔት የወረደ ቢት (ሌላ ሰው የሠራው ቅንብር) ላይ ዘፍናችሁ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ሥራ ሠሪው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ አለው፤ «ለትምህርት ቤት ነው» ማለቱ ክሊፑን በይፋ ለማሰራጨት ፈቃድ አይሆንም። አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮና ጭብጨባ ይበቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች አሉላችሁ። እኛ ባቲን መረጥን፤ ወንዙ ላይ ሄደበት።

«ስልኩ ሞላ፣ ፋይሉ ጠፋ፣ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሆነ»

እንደ ስልኩ ቢለያይም 1080 ጥራት ያለው ቀረጻ በደቂቃ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ሁለት ሰዓት ከቀረጻችሁ ከ12 ጊጋባይት በላይ ነው። የዕለቱን ቀረጻ በዚያው ምሽት ሁለት ቦታ ገልብጡ፤ ግልባጩን ከፍታችሁ ሳታዩ ዋናውን አትሰርዙ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪና ፓወርባንክ ከዋዜማው ይሞላ። ግዕዝ ፊደሉ ባዶ ሣጥን ከሆነ የመረጣችሁት ፎንት ፊደሉን አያውቀውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኑ። ሲያልቅ በ1080፣ በሰከንድ 8 ሜጋቢት አውጡት፤ ሦስት ደቂቃ ተኩሉ 210 ሜጋባይት አካባቢ ይመጣል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ይደበዝዛል።

«ስሜ የለም»

የመጨረሻው ምልክት የሚመጣው ከምርቃቱ በኋላ ነው፦ አንሶላውን ሁለት ሰዓት ይዞ የቆመው ልጅ ስሙን ከመዝጊያው ዝርዝር ውስጥ ያጣዋል። መንስኤው ዝርዝሩ በመጨረሻው ሌሊት፣ በድካም፣ ከትዝታ መጻፉ ነው። ከመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ይኑር፤ የመጣ ሁሉ ስሙን በገዛ እጁ፣ በሚጽፍበት ፊደል ይጻፍበት። ክሊፑ ከመውጣቱ በፊት ዝርዝሩን ክፍል ውስጥ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ የቀረ ካለ እዚያው እጁን ያወጣል።