ከአሮጌ ሣጥን የወጣ የአስካሪ ምልክት፦ አለያየቱና አያያዙ

ጣሊያን ባሕር ዳርን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ ስለነበር በጣና ዳር ቤቶች የዚያ ዘመን ኮከብ፣ የልብስ ቁልፍ ወይም የማዕረግ ጨርቅ ቢገኝ አይገርምም። አስካሪ የሚባለው በጣሊያን ጦር ውስጥ የሚያገለግል የአፍሪካ ተወላጅ ወታደር ነበር። ስታገኙት በሎሚና በአመድ ለመወልወል አትቸኩሉ። ዕቃው የየትኛው ጦር እንደነበር የሚነግረን ቀለሙ፣ ክሩና ጀርባው ነው፤ ውልወላ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጠፋው እነዚህን ነው።

ምንም ሳትነኩ ፊቱንና ጀርባውን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሡ። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ የደበዘዘ ቅርጽና ጽሑፍ ጎልቶ የሚወጣው ያኔ ነው።

በኮሌታ ላይ የሚውለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ የጣሊያን መደበኛ ጦር ምልክት ነው። በኮከቡ ፋንታ የታሰረ የበትር ነዶ ከነመጥረቢያው ካለ የጥቁር ሸሚዞች፣ ማለትም የፋሺስት ፓርቲው ሚሊሺያ ነው። ክንድ ላይ የተሰፋው የ«V» ቅርጽ የአስካሪ ማዕረግ ነው፦ አንድ ከሆነ ሙንታዝ፣ ሁለት ቡሉክባሽ፣ ሦስት ሹምባሽ።

አስካሪው የነበረበትን ሻለቃ (የጦር ክፍል) የሚለየው የመቀነቱና የታርቡሹ (የቀዩ ረጅም ቆብ) ዘርፍ ቀለም ነው። 4ኛው የኤርትራ ሻለቃ ጥቁር የታጠቀው በ1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ለሞተው ለአዛዡ ለሻለቃ ቶሴሊ ሐዘን ነው። ቀለሙን ግን ከላይ አይታችሁ አትወስኑ። ጥቁሩ ፀሐይ ሲመታው ቡናማ፣ ቀዩ ሮዝ ይመስላል። እጥፋቱን ወይም የስፌቱን ውስጥ ቀስ ብላችሁ ግለጡ፤ ብርሃን ያልነካው ዋናው ቀለም እዚያ አለ።

አስመስሎ የተሠራ እንዳይሆን ከጠረጠራችሁ የብር ኖት መፈተሻ ሰማያዊ መብራት አብሩበት። በቅርብ ጊዜ የተሠራ ክር ብዙ ጊዜ ያበራል። ሆኖም አሮጌ ጨርቅም በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ከሆነ ስለሚያበራ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የናሱን አቧራ ለስላሳ የሠዓሊ ብሩሽ ይበቃዋል። ቡናማው ሽፋን ብረቱን ስለሚጠብቅ ይቆይ። ዱቄት የሚመስል አረንጓዴ ካለ በእንጨት ስንጥር ፈቅፍቁት፤ ሎሚና ኮምጣጤ ግን ናሱን ይበሉታል፣ በስፌቱ ውስጥ ቀርተውም ጨርቁን ያቃጥላሉ። ጨርቁን አትጠቡ፤ በተለይ ቀዩ ቀለም ይለቃል።

ብል የገባበትን ሱፍ በፕላስቲክ አሽጋችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ካወጣችሁት በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ሳትከፍቱት ይቆይ፤ ወዲያው ከተከፈተ ጠሉ ጨርቁ ላይ ያርፋል። ኤናሜል (መስታወት መሰል ቀለም ቅብ) ያለበትን ግን አታስገቡ፣ ይሰነጠቃል።

የሐይቁ ዳር ክረምት እርጥበቱ ከባድ ነው። ዕቃውን ከግድግዳና ከወለል አርቃችሁ፣ በታጠበ ነጭ አቡጀዴ ጠቅልላችሁ በካርቶን አስቀምጡ። ናስ ከቆዳ ጋር አንድ ላይ አይቀመጥ፤ የቆዳው ስብ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ያወጣበታል። ጀርባው ላይ የብረት መርፌ ካለው ዝገቱ ወደ ጨርቁ እንዳይሻገር በመካከል ወረቀት ይግባ።

የቤቱን ሽማግሌዎች ሳይረፍድ ጠይቁ። ምልክቱን አስካሪ ለብሶት ሊሆን ይችላል፣ አርበኛም ማርኮት ሊሆን ይችላል፤ ጨርቁን ብቻ አይቶ ይህን መለየት አይቻልም። የነገሯችሁን ከነስማቸውና ከነቀኑ በእርሳስ ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር አኑሩ፤ ብዕር እርጥበት ሲነካው ጨርቁን ያበላሻል።