4,294,967,297ን በእስክሪብቶ ብቻ መፈተሽ

አዘዞ በረንዳዬ ላይ ለማስጠናቸው ልጆች ይህን ስሰጥ ካልኩሌተር አላስነካም። ቅዳሜ ገበያ የሚሸጠው ባለ ስምንት አሃዙማ ቁጥሩን አይችለውም።

ቁጥሩ 32 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ አንድ መጨመር ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ አምኖ ነበር፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አፈረሰበት።

በ2፣ በ3 እና በ5 እንደማይካፈል ለማወቅ የመጨረሻውን አሃዝና የአሃዞቹን ድምር፣ 59ን፣ ማየት ይበቃል። ከዚያ በኋላ በ7፣ በ11 እያሉ መድከም የለም! ብቸኛ ቁጥር የሆኑት የዚህ ቁጥር አካፋዮች ለ64 ሲካፈሉ የግድ 1 ይተርፋቸዋል፤ ይህንንም ያረጋገጠው ኋላ ራሱ ኦይለር ነው። ስለዚህ ተራ የሚደርሳቸው 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ይወድቃሉ።

641ን ስትሞክሩ ግዙፉን ቁጥር አትንኩት፤ ቀሪውን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። 16 ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ 65,536 ነው፤ ይህ በራሱ ሲባዛ ደግሞ የ32ቱን ሁለቶች ብዜት ይሰጣል። ለ641 አካፍሉት፣ 154 ይተርፋል። 154ን በራሱ አባዙት፣ 23,716 ይሆናል፤ ይህም ለ641 ሲካፈል 640 ይተርፈዋል። ያቺን አንድ ጨምሩበት፤ 641 ሞላ፣ ቀሪ የለም።

ሁለተኛው አካፋይ 6,700,417 ነው፤ እርሱም ብቸኛ ቁጥር ነው። የተጠራጠረ ሁለቱን ያባዛ፤ እኔ አላባዛለትም።