ሸክላ ሲጫወት የሚሰማ ጉርምርምታ፦ መነሻውና መፍትሄው

ምልክቱ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዳንዴ ከዘፈኑ ሥር ጥልቅ ጉርምርምታ ይሰማል። አንዳንዴ ደግሞ ለጆሮ ምንም ሳይሰማ የስፒከሩ ትልቅ ሽፋን (ድምፅ የሚያወጣው ኮን) ወደ ፊትና ወደ ኋላ በዝግታ ይወዛወዛል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ አምፕሊፋየሩ ግን ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል፣ ሙዚቃውም ይደፈርሳል።

ሸክላ ለዚህ ችግር የተጋለጠው በአሠራሩ ነው። ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ሲጫወት የፎኖ ማጉያው (ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው ክፍል) መልሶ ያሳድገዋል። በ20 ሄርዝ ላይ ያለ ድምፅ በ1,000 ሄርዝ ላይ ካለው በ19 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም ዘጠኝ እጥፍ ያህል፣ ይበልጥ ይጎላል። በመርፌው በኩል የገባ ጥቂት ንዝረትም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ንዝረቱ የሚገባበትን በር ፈልጉ።

መጀመሪያ መርፌውን አንሱ። ድምፁ ካልጠፋ ጉርምርምታ ሳይሆን የኤሌክትሪክ እዝታ ነው፤ የመሬት ሽቦውን አጥብቁ፣ ማጫወቻውንም ከአምፕሊፋየሩ አርቁ።

ከጠፋ ሞተሩን አጥፉና መርፌውን በቆመ ሸክላ ላይ አሳርፉ። ድምፁን በጥንቃቄ፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። መደርደሪያውን በጣት መታ ስታደርጉ ወይም ስትራመዱ ከስፒከሩ ጎልቶ ከተሰማ፣ ወይም ድምፁ በራሱ እየተባባሰ ከሄደ፣ ንዝረቱ በጠረጴዛው በኩል ይገባል ማለት ነው። ማጫወቻውንና ስፒከሩን በአንድ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ትልቁ ጥፋት ነው። ለያዩዋቸው፤ የእንጨት ወለሉ የሚረገብ ከሆነ ማጫወቻውን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ መደርደሪያ ላይ አድርጉ፣ በውሃ ልክም አስተካክሉ።

በቆመ ሸክላ ላይ ጸጥ ብሎ፣ ሳህኑ ሲዞር ብቻ የሚመጣ ከሆነ በዘፈኖች መካከል ያለውን ባዶ መስመር በጆሮ ማዳመጫ አድምጡ። በአንድ ሸክላ ላይ ብቻ ከሆነ ከሕትመቱ የመጣ ነው፤ ማሽኑን አትፍቱ። በሁሉም ላይ ከሆነ ግን ኩሽኔታውን ተመልከቱ፦ አሮጌውን ዘይት ጠርጋችሁ አምራቹ ያዘዘውን ጠብታ አድርጉ። የሞተሩ የጎማ ማስቀመጫ ደርቆ ከሆነ ቀይሩት፤ ቺንጋው ካረጀም እንዲሁ። አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻዎች ለጉዞ የሚታሰሩ ብሎኖች ስላሏቸው ሳይፈቱ የቀሩ እንዳይኖሩ አረጋግጡ፤ ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የስፒከሩ ሽፋን በየ1.8 ሴኮንዱ አንዴ ቢወዛወዝ ሸክላው ጎብጧል፤ በ33⅓ ዙር ፍጥነት አንድ ዙር የሚፈጀው ጊዜ ይህ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ የሞኖ ቁልፍ ካለ ተጫኑት፤ የጎበጠ ሸክላ ንዝረት ወደ ላይና ወደ ታች ስለሆነ በሞኖ በእጅጉ ይቀንሳል። እዚህ ላይ የክንዱና የካርትሪጁ (በክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የሚይዘው ክፍል) መጣጣም ወሳኝ ነው። ሁለቱ በአንድነት በራሳቸው የሚርገበገቡበት ድግግሞሽ ከ8 እስከ 12 ሄርዝ ቢሆን ይመረጣል፤ ከጉብጠት ንዝረት በላይ፣ ከሙዚቃ ድምፅ በታች ነውና። ስሌቱ፦ የክንዱን ውጤታማ ክብደት (በመግለጫው effective mass የሚባለውን)፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ደምሩ፤ በመርፌው ልስላሴ ቁጥር (በካርትሪጁ መግለጫ compliance የሚባለው) አባዙ፤ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ወስዳችሁ 159ን አካፍሉበት። ጠቅላላው 17 ግራም፣ ልስላሴው 15 ከሆነ 10 ሄርዝ ገደማ ይወጣል። 29 ግራምና 25 ቢሆን ግን ወደ 6 ይወርዳል፤ በየጉብጠቱ ይንቀጠቀጣል። ለከባድ ክንድ ጠንካራ መርፌ፣ ለቀላል ክንድ ለስላሳ መርፌ ምረጡ። የልስላሴው ቁጥር በ100 ሄርዝ የተለካ ከሆነ፣ በ10 ሄርዝ ያለው ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ስለሚሆን አስተካክሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚቀረውን ከ20 ሄርዝ በታች የሚቆርጥ ማጣሪያ ይወስደዋል፤ አንዳንድ የፎኖ ማጉያዎች ቁልፉ አላቸው። ስፒከራችሁ የአየር ቀዳዳ ያለው ከሆነ ማጣሪያው እንዲሠራ ቁልፉን አብሩ፤ ቀዳዳው ከተቃኘበት ድግግሞሽ በታች ሽፋኑን የሚገታ አየር ስለሌለ ሽፋኑ ከልኩ በላይ ይወጣል።