አውሎ ነፋስ የገለጠውን ጣሪያ ዝናብ ሳይቀድመን እንዴት እንሸፍናለን?

አውሎ ነፋሱ መንደራችንን አቋርጦ ለማለፍ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሰው አልጎዳም፣ ግድግዳም አልጣለም። የጥቂት ቤቶችን ቆርቆሮ ገለጠ፣ አንድ በረት አንጋደደ፣ ዛፎች ነቀለና ሄደ። «ተመስገን፣ ቀላል ነው» ተባባልን። እቃችንን ያበላሸው ማታውን በተገለጠው ጣሪያ የገባው ዝናብ ነው። ፍራሹ፣ እህሉ፣ የልጆቹ ደብተር ሁሉ ራሰ።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በዋናነት የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ነው። ሙሉ ጥገናው ሳምንት ቢቆይ ችግር የለውም።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት

የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካያችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁና ለሚመለከተው ደውሉ። ሽቦው የነካውን የቆርቆሮ አጥርም ሆነ እርጥብ መሬት እንደ ራሱ እንደ ሽቦው ቁጠሩት። ውሃ ቤት ከገባ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ፤ እሱ ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ግድ ከሆነ ግን ተዉት።

ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ አድርጉ። መሬቱ በሚስማር የተሞላ ነው። ከወጋችሁ ቁስሉን በሳሙና እጠቡና ለቴታነስ ክትባት ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ከዚያ ፎቶ አንሱ። ቤቱን ከአራቱም ማዕዘን፣ ጉዳቱን ከቅርብ፣ ዛፎቹንም በወደቁበት አኳኋን። ጉዳቱ ራሱ ማስረጃ ነው። አውሎ ነፋስ ባለፈበት ቦታ መለኪያ መሣሪያ እምብዛም ስለማይገኝ ባለሙያዎች ፍጥነቱን የሚገምቱት ከተወው ጉዳት ተነስተው ነው። ይህን አሠራር የአውሎ ነፋስ ተመራማሪው ቴትሱያ ፉጂታ በ1971 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀው። ኋላ በተሻሻለው መለኪያ ደካማ የሚባሉት ደረጃ 0 እና 1 ናቸው፤ ነፋሳቸው በሰዓት ከ105 እስከ 177 ኪሎ ሜትር ይገመታል። ዛፎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተኙ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ የነፈሰ ኃይለኛ ነፋስ ነው። ከግራና ከቀኝ ወደ መሃል ከተደፉ ግን ያለፈው አዙሪት ሳይሆን አይቀርም። እርዳታ ወይም ካሳ ስትጠይቁ ይህ ሁሉ ይፈለጋል።

ሸራውን መዘርጋት

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሸራዬ ቀዳዳውን በደንብ ይሸፍናል፤ የላይኛው ጠርዙ ግን ከጣሪያው አናት አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ቀረ። ማዕዘኖቹን በገመድ አሰርኩ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ደረደርኩ። ከታች ሆኜ ሳየው በቂ መሰለኝ። ሌሊት ዝናቡ ሲመጣ ከአናቱ የሚወርደው ውሃ በሸራው ስር ሰርጎ ቀጥታ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ሸራው ይርገበገብ ጀመር። አንዱ ድንጋይ ተንከባሎ ልጆቹ ቀን ቀን የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ወደቀ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጣሪያ ላይ ድንጋይ አታስቀምጡ።

የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው። ሸራው ከታችኛው የጣሪያ ጠርዝ ተነስቶ አናቱን አልፎ፣ በወዲያኛው በኩል ከ1 ሜትር በላይ መውረድ አለበት። ካልደረሰ ሌላ ፈልጉ፤ አጭር ሸራ ባዶ ድካም ነው። ጠርዙን በሊስቴሎ (በቀጭን ረጅም ጣውላ) ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልሉት፤ ስትጠቀልሉ እንጨቱ ከሸራው ስር ይሁን። መጀመሪያ በወዲያኛው ጎን በቪቴ (እየተጠመዘዘ በሚገባ ባለጥርስ ሚስማር) እሰሩት፤ ቀጥሎ ወደ ታች ወጥራችሁ የታችኛውን ጠርዝ በዚሁ መንገድ ያዙ።

መጠቅለሉን አትዝለሉት። ሸራ በሚስማር ብቻ ከተያዘ ነፋሱ ሲጎትተው ከሚስማሩ ቀዳዳ ይጀምርና ይተረተራል። ሲጠቀለል ግን ጉተታውን እንጨቱ በሙሉ ርዝመቱ ይካፈለዋል። ጎንና ጎኑን፣ ሰፊም ከሆነ መሃሉን፣ ከላይ ወደ ታች በተዘረጉ ሊስቴሎዎች ተጫኑት። መሃል ላይ አግድም ካደረጋችሁት ውሃ ይገድባል።

ቪቴው ከቆርቆሮው ስር ያለውን እንጨት መያዝ አለበት። የድሮውን ሚስማሮች መስመር ተከተሉ፤ እንጨቱ ያለው እዚያ ነው። እግራችሁንም በዚያው መስመር ላይ አሳርፉ። እኔ ከሚስማር ይልቅ ቪቴ እመርጣለሁ፤ ለጥገና ስታነሱት ቆርቆሮውን አይጎዳም። ገመድ ብቻውን ይላላል። ማጣበቂያ ፕላስተር እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይይዝም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ። ነፋስ እያለም ሸራ አትዘርጉ። ብቻችሁን አትሥሩ፤ መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት በአካባቢው ካሉ የእነሱን ቤት አስቀድሙ።

ያልተነቀለው ቆርቆሮ

ነፋስ ጣሪያን የሚነቅለው ወደ ላይ ስቦ ነው፤ የሚጀምረውም ከጠርዙ፣ ከማዕዘኑና ከአናቱ ነው። ስለዚህ ደህና የመሰለውን ቆርቆሮ ዳር ዳሩን ፈትሹ። በሚስማሩ ራስና በቆርቆሮው መካከል ጥፍራችሁ የሚገባ ከሆነ ሚስማሩ ለቋል። መልሳችሁ አትምቱት፤ ቀዳዳው ሰፍቷል። ንቀሉት፣ ቀዳዳውን በሲሊኮን ድፈኑት፣ አጠገቡ ጎማ ያለው ቪቴ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እሰሩ። ጠርዝ ላይ ከመሃሉ ይልቅ አቀራርቡ። የጣሪያው እንጨት ከግድግዳው ጋር በሚስማር ብቻ ተያይዞ ከሆነ ለጥገና የሚመጣውን አናጺ በብረት ማሰሪያ እንዲያስርላችሁ ጠይቁት።

በመጨረሻ ቤት ግቡና ቀና በሉ። ኮርኒሱ ውሃ ቋጥሮ ካበጠ ስሩ አትቁሙ። ባልዲ አስቀምጡ፣ ጎን ላይ ሆናችሁ በረጅም እንጨት ጫፍ ትንሽ ብሱትና ውሃው ቀስ ብሎ ይውረድ። ኮርኒስ ከሌለ በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ አጨልሙ። ሸራ ባልደረሰበት ቆርቆሮ ላይ ብርሃን የሚያስገባውን እያንዳንዱን ቀዳዳ በጠመኔ አክብቡ።