«ሁሉም ያው ናቸው» ከማለታችን በፊት፦ ፓርቲ ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ የፓርቲ ወሬ ሲነሳ አንድ ተረት ይቀድማል፦ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ሰንበቴ ላይ ሰምቼዋለሁ። ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥም ሰምቼዋለሁ። የሚናገረው ሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ብዙ ቃል ተገብቶለት ብዙ የቀረበት ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ ደጁ ድረስ መጥቶበታል። ስለ ምርጫ ለማውራት አቅም ቢያጣ አይፈረድበትም።

ተረቱ ግን ለፓርቲ አይሆንም። የመጀመሪያው ስህተታችንም እሱ ነው።

ፓርቲን እንደ ጉልቻ ማየት

ጉልቻ ድስቱን ይሸከማል እንጂ ድስቱ ውስጥ ምን እንደሚገባ አይወስንም። ፓርቲ ይወስናል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

በ1989 የአማራ ክልልን ያስተዳድር የነበረው ፓርቲ፣ ብአዴን፣ መሬት እንደገና ደለደለ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተባሉ። ለእነሱ የተፈቀደው ጣሪያ 1 ሄክታር ነበር፤ ለሌላው ገበሬ 3 ሄክታር። አያቴ «ቢሮክራሲ» ከተባሉት አንዱ ነበሩ። መሬቱ ሲቀነስ አንዱን ጥማድ በሬ ሸጡ። እናቴ ዛሬም ዘመን የምትቆጥረው «ከድልድሉ በፊት»፣ «ከድልድሉ በኋላ» እያለች ነው። በሌላ በኩል ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት የራሳቸው የሚሉትን መሬት ያገኙት በዚያው ድልድል ነው። አንዱ ቤት አለቀሰ፣ ሌላው ቤት እልል አለ። ሁለቱንም ያመጣው የአንድ ፓርቲ ፖሊሲ ነው።

በ1997 ምርጫም እንዲሁ። ተቃዋሚው ቅንጅት መሬት ወደ ግል ይዞታ ይዙር ሲል፣ ገዢው ኢሕአዴግ የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቆይ ብሎ ተከራከረ። ገበሬ መሬቱን መሸጥ ይችላል ወይስ አይችልም? አስይዞ ይበደራል ወይስ አይበደርም? ክፉ ቀን ሲመጣ ሸጦ ባዶ እጁን ቢቀርስ? አንዱን ወገን መደገፍ ይቻላል። «ያው ናቸው» ማለት ግን አይቻልም።

«እናደርጋለን» ሲሉን «እንዴት?» አለማለት

ይህኛው በጣም ያሳስበኛል፤ የሚጎዳን በሐቀኛ ሰዎች ቃል ጭምር ነውና። መሬትን እንደ ምሳሌ ልቀጥል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ነው። አንቀጽ 40 ያለው የመብቶች ምዕራፍ ውስጥ ነው። ያንን ምዕራፍ ለማሻሻል አንቀጽ 105 ከባድ ቁልፍ አስቀምጧል፦ የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው፣ የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ።

ስለዚህ አንድ ፓርቲ ፍኖተ ሰላም መጥቶ «መሬቱን የግላችሁ እናደርገዋለን» ቢል፣ ጥያቄው «ትወዱናላችሁ ወይ?» አይደለም። «ሌሎቹን ክልሎች እንዴት ታሳምናላችሁ?» ነው። ለዚህ መልስ ያዘጋጀ ፓርቲና ያላዘጋጀ ፓርቲ ፕሮግራማቸው ቃል በቃል ቢመሳሰል እንኳን አንድ አይደሉም።

«ልጃችን ነው» ብሎ መምረጥ

ዕጩው የአገር ልጅ ነው። አባቱን እናውቃለን፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ጨዋ ነው። ደስ ይላል። ግን አዲስ አበባ ሲገባ ብቻውን አይደለም። በሕገ መንግሥቱ የሥራ አስፈጻሚውን አካል የሚያደራጀው በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ነው፤ ወይም የተጣመሩ ፓርቲዎች። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከዚያው ይወጣል። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ገዢው ብልጽግና 410 መቀመጫ ሲያገኝ ተፎካካሪዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ የልጃችን እጅ የሚወጣው በአብዛኛው ፓርቲው ካወጣ ነው።

አንቀጽ 54 ተወካዩ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይላል። መራጩ አመኔታ ካጣበት ሊያነሳው እንደሚችልም ይላል። ይህን የሚያከብር ሰው ስናገኝ ሰውየውም ይመዝን፣ እስማማለሁ። ለግል ዕጩም ያው ነው። ፓርቲ ይዞ ከመጣ ግን ፓርቲውንም አብረን መጠየቅ አለብን፦ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ፤ የማዳበሪያ ጉዳይ ላይ ፓርቲህ ምን ይላል?»

በስምና በምልክት መመራት

ምልክቱ የተቀመጠው ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀቱ ላይ እንዳይቸገር ነው። ከዚያ አያልፍም። ስምም እንደዚያው ነው። በ2012 ከኢሕአዴግ አራት ድርጅቶች ሦስቱ፣ ከአጋር ፓርቲዎች ጋር ሆነው ብልጽግና ሲባሉ ብዙ ሰው «ስም ብቻ ነው የተቀየረው» አለ፤ ሌላው «ሁሉም ተቀየረ» አለ። ግንባር የነበረው ወደ አንድ ፓርቲ ተዋህዷል፤ ይሄ እውነተኛ ለውጥ ነው። ሌላውን ማወቅ የሚቻለው የድሮውንና የአዲሱን ፕሮግራም አስተያይቶ ነው።

ትንሹን ልዩነት ትልቅ ማድረግ

እስካሁን ልዩነት አለ ስል ቆየሁ። የማይረባ ልዩነትም አለ። የእኛ ምርጫ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ የሚያሸንፍበት ነው፤ ግማሽ መሙላት ግዴታ አይደለም። 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንዱ ፓርቲ 4,000 አገኘ። ፕሮግራማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ፓርቲዎች 3,500 እና 2,500 ተካፈሉ። 6,000 ሰው የደገፈው ሐሳብ ተሸነፈ። ሁለቱን የለያያቸው የመሪዎች ኩርፊያ ብቻ ከሆነ፣ ከምርጫው በፊት በሽማግሌም በደብዳቤም «ታረቁ፤ ካልሆነ ለጠንካራው እንሰጣለን» ማለት የመራጩ መብት ነው።

ሁለተኛውን ወረቀት ማቃለል

ጣቢያው ላይ አንዱ ወረቀት ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን አስበንበት፣ ሁለተኛውን በዘልማድ እናልፈዋለን። ግን የአያቴን መሬት የለካው ገመድ የመጣው ከአዲስ አበባ አልነበረም። ከክልሉ ነው። ዛሬም የመሬት ደብተሩን የሚሰጠው አስተዳደር ክልሉ ባወጣው አዋጅ ነው የሚሠራው። የቢቸናም የዳንግላም ገበሬ መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ሁለተኛውን ወረቀት ሲዘረጋ፣ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ያንን አዋጅ ማን ሊያሻሽለው እንዳሰበ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።